ኢንስብሩክ ላይ ሳልለመን ቀረሁ

በደሉ ይህ ነው። ኢንስብሩክ በምትባል የኦስትሪያ ከተማ፣ ወደ ተራራው የሚወጣው ባቡር በር ላይ፣ ሁለት አያቶች ቆመን ነበር። የልጅ ልጃችን መጀመሪያ አንዷን፣ ቀጥላ ሌላዋን «ትወጫለሽ?» ብላ ጠየቀች። ሁለታችንም እንዳደግንበት ወግ «አይ፣ ይቅርብኝ» አልን። አንዷ ተለመነች፣ አንዷ አልተለመነችም። ያልተለመንኩት እኔ ነኝ። ይህን ጽፌ የማስቀምጠው ከዚያ ወዲህ ነገሩን የሚያወራው ሰው ሁሉ «እሷ ራሷ አልወጣም ብላ ነው» እያለ ስለሚያሳጥረው ነው። አልወጣም ማለቴ እውነት ነው። አለመለመኔም እውነት ነው። ሁለቱ አብረው ካልተነገሩ ግን ውሸት ነው።

ልጅቷን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ሆቴል ውስጥ በፈረቃ ስትሠራ ልጅቷ ለንደን፣ ሆሎዌይ ባለው የእኔ ፍላት ነው ያደገችው። ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ፣ ጸጉሯን የምሠራት እኔ፣ ሲያተኩሳት ሐኪም ቤት ይዣት የምቀመጥ እኔ። ሌላዋ አያቷ የአባቷ እናት ናት፤ የምትኖረው ሌላ ሰፈር፣ ዊልስደን ነው። አባትየው ልጅቷ ገና አፏን ሳትፈታ ወደ አገር ቤት ተመልሶ እዚያው አረፈ፣ ነፍሱን ይማረው። የዊልስደኗ በበዓል በበዓል ኬክ ይዛ ትመጣለች፣ ሶፋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ሻይዋን ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምንባባለው። እዚህ ላይ ግን «እሷ» እላታለሁ፤ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ልጅቷም በአጠራሯ ትለየን ነበር። እኔ «እማዬ» ነኝ፣ እኔ «አንቺ» ነኝ። የዊልስደኗ «እማማ» ናት፣ እሷ «እርስዎ» ናት። ሰው ይህን ትንሽ ነገር ነው ይለው ይሆናል። ለእኔ ትንሽ አልነበረም። የዊልስደኗ ሶፋው ጫፍ ላይ ሆና «እርስዎ» ስትባል እሰማና ኩሽና ገብቼ ብቻዬን ፈገግ የምልበት ጊዜ ነበር።

ታዲያ ልጅቷ ትምህርቷን ጨረሰች፣ ቢሮ ገባች፣ የመጀመሪያውን የዓመት ፈቃድ ስታገኝ «ሁለታችሁንም ይዣችሁ ልሂድ፣ ሁሉንም ቡክ አድርጌዋለሁ» አለች። ኢንስብሩክ ማለቷን የሰማሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት «ሁለታችሁንም» የሚለውን ነው። «የዊልስደኗ ደግሞ ምን ልትሠራ?» ብዬ ልጄን ጠየቅኳት።

«እማ፣ እሷም እኮ አያቷ ናት።»

«አይደለችም አልወጣኝም። ምን ልትሠራ ነው ያልኩት።»

ልጄ ልብሴን እያጠፈች ሻንጣዬ ውስጥ መክተት ጀመረች።

ከተማዋ ቆንጆ ናት፣ ይህን አልክድም። ቤቶቹ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ተቀብተው ወንዙ ዳር ተደርድረዋል። ወንዙ ወተት ጠብ ያለበት ውኃ ይመስላል፣ ይሮጣል፣ ቢነኩት እጅ ያደነዝዛል። ከሁሉ የገረመኝ ተራራው ነው። ሌላ አገር ተራራ ለማየት ከከተማ ይወጣል። እዚያ መንገዱ ጫፍ ላይ ነው የቆመው። ሆሎዌይ ላይ ከሱቁ ወጥተሽ ቀና ስትዪ ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ ጥጋጥጉን በረዶ የያዘው ተራራ ቆሞ ብታዪ እንደማለት ነው። እኔ ከሆቴሉ ከወጣንበት ደቂቃ ጀምሮ ዓይኔ እዚያ ላይ ነበር። አፌን ዘግቼ እንጂ ልቤ ገና ያኔ ወጥቷል።

ግን ለማየት ጊዜ የት አገኘሁ! ጠዋት ቁርስ ላይ የዊልስደኗ ስኳር ስላለባት ልጅቷ እያንዳንዷን ማርማላታ ቼክ ታደርግላታለች። «እማማ፣ ይህን አይንኩት። ይህ ጥሩ ነው። ይህን ይቅመሱ።» እኔ ደም ግፊት አለብኝ። ደም ግፊትም በሽታ ነው። ፊት ለፊቴ ያለውን ጨዋማ ሥጋ ሆን ብዬ በሹካ እያነሳሁ በላሁ፤ ቼክ ያደረገልኝ የለም።

ከዚያ የወርቅ ጣሪያ አለ ብላ አሮጌው ሰፈር ወሰደችን። የቤተ መንግሥት ጣሪያ የሚያህል መስሎኝ ነበር። የአንድ በረንዳ ጣሪያ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ሥሩ ቱሪስት እንደ ጉንዳን ፈልቋል፣ ሁሉም አንጋጦ ፎቶ ያነሳል። እኛም ተነሳን። ፎቶው ለንደን ስንመለስ ለሁላችንም ተላከ። መሃል ላይ ልጅቷ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋላት የቆመችው የዊልስደኗ ናት። እኔ ዳር ነኝ፣ ግማሽ ጆሮዬ ተቆርጧል።

በማግሥቱ ነው ወደ ባቡሩ የሄድነው። ጣቢያው ከከተማው መሃል ብዙም አይርቅም፤ ጣሪያው የቀለጠ በረዶ ይመስላል። ባቡሩ ኮረብታው ላይ ያወጣና ከዚያ በገመድ በሚሄድ ትልቅ ሳጥን እስከ ጫፉ ይወሰዳል። በሩ ላይ ቆመን ልጅቷ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ትወጫለሽ?»

«አይ ልጄ፣ እናንተ ውጡ። እኔ እዚሁ ዕቃ እጠብቃለሁ።»

እንደዚህ ያልኩት ሁሉም ሰው እንደሚለው ነው። የሰው ልጅ ሲጠየቅ አፉን ከፍቶ «አዎ» አይልም። ይቅርብኝ ይላል፣ ይለመናል፣ እንደገና ይቅርብኝ ይላል፣ እጁን ይጎተታል፣ ከዚያ እየሳቀ ይነሳል። የተጎተተ ሰው መፈለጉን ያውቃል። ሳይጎተት የሄደ ሰው ምን ያውቃል?

«ኦኬ» አለችኝ። የጀርባ ቦርሳዋን አውልቃ ሰጠችኝ።

ከዚያ ወደ ዊልስደኗ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎስ?»

«እኔማ ምን ጉልበት አለኝ ብለሽ፣ ይቅርብኝ የኔ ልጅ።»

«ኖ ኖ ኖ! እንዴት ይቀርብዎታል? እኔ እያለሁ? ሞቼ እገኛለሁ! ይነሱ!» ብላ በክንዷ ይዛ ጎተተቻት።

ሞቼ እገኛለሁ! ይህን አባባል ከማን የሰማችው ይመስላችኋል? ለንደን ተወልዳ፣ ለንደን ተምራ፣ ይህን ከእኔ አፍ ነው የለቀመችው፤ እንግዳ እራት ሳይበላ ልሂድ ሲል ስጮህ እየሰማች። የእኔኑ ቃል ወስዳ ለሌላ ሰው ሰጠችው። የዊልስደኗም እየተጎተተች «ኧረ ተዪኝ» እያለች፣ ጉልበት የለኝም ያለችው ሴት ደረጃውን እንደ ኮረዳ ወጣችው። ከመግባቷ በፊት ቦርሳዋን አቀበለችኝ። «ይቅርታ እንግዲህ፣ መድኃኒቴም አለበት፣ አደራ» አለችኝ።

በሩ እስኪዘጋ ቆሜ ጠበቅኩ። ዞር ብላ «እማዬ ነዪ እንጂ!» ትላለች ብዬ። ልጅቷ ዞር አለችም። እጇን አወዛወዘችልኝ። በሩ ተዘጋ።

ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ቦርሳ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ ሳጥኑ ገደሉን ሲወጣ ይታየኛል፣ ጥንዚዛ ታክላለች። አንዷ ስትወጣ እነሱ ናቸው እላለሁ፣ ሌላዋ ስትወጣ አይ እነሱ እነዚህ ናቸው እላለሁ። ደመና ይሸፍናቸው ብዬ ተመኘሁ። እንዲወድቁ አይደለም፣ ልጅቷ አለችበት። ምንም እንዳያዩ ብቻ። ጉም ውስጥ ገብተው፣ በርዷቸው፣ «እማዬ እንኳን ቀረሽ» ብለውኝ እንዲወርዱ። ደመና አልመጣም። እንደዚያ ቀን ያለ ጥርት ያለ ሰማይ ለንደን ውስጥ አይቼ አላውቅም።

አንዲት የአገሩ አሮጊት ውሻ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። በከዘራዋ ወደ ተራራው እያመለከተች አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ቋንቋውን አላውቅም፣ ጥያቄውን ግን አወቅኩት፤ ለምን አልወጣሽም ነው። ሁለቱን ቦርሳዎች ከፍ አድርጌ አሳየኋት። እሷም ገብቷት ራሷን ነቀነቀች፣ ከንፈሯን መጠጠች። በዚያ ከተማ የተረዳኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሲወርዱ ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል። አፍንጫቸው ቀልቷል፣ ይስቃሉ፤ የምን ሳቅ እንደሆነ አይነግሩኝም። ልጅቷ የዊልስደኗን ትከሻ ደገፍ ብላ «እማማ፣ አንቺ እኮ ጉደኛ ነሽ!» አለቻት።

አንቺ። ጠዋት «እርስዎ» ብላ ያወጣቻትን ሴት ከሰዓት በኋላ «አንቺ» ብላ አወረደቻት። ሰማሁ። ማንም መስማቴን አላየም።

የዊልስደኗ ወደ እኔ መጥታ የታጠፈ ሶፍት ዘረጋችልኝ። «በረዶ አመጣሁልዎ። ጥጋጥጉ ላይ አሁንም አለ፣ ሳይቀልጥ ብዬ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት።»

ተቀበልኳት። እርጥብ ሶፍት ነበር።

ያን ቀን እራት አልበላሁም። ያኔ ተለመንኩ! ሁለቱም ግራና ቀኝ ሆነው ለመኑኝ። «እማዬ አንድ ጉርሻ።» «ኧረ በሞቴ፣ ትንሽ እንኳ ይቅመሱ።» ለድንች ተለመንኩ፤ ለተራራ ግን አልተለመንኩም።

ለንደን ከተመለስን በኋላ ይበርዳል ብዬ ነበር፣ ባሰ። የዊልስደኗ ቸርቿ ውስጥ ምስክርነት ቆመች አሉ። እግዚአብሔር በዚህ ዕድሜዬ ከደመና በላይ አወጣኝ፣ የልጄን ልጅ እጅ ይዤ የእጁን ሥራ አየሁ አለች፣ ጉባኤው ሃሌሉያ አለ። ይህን የነገረችኝ ሴት እኔ ደስ የሚለኝ መስሏት ነው። ቀጥሎ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ቅመም ልገዛ ገብቼ ባለ ሱቁ «እማማ፣ ከፍታ ይፈራሉ አሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ። እኔ! አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ የምኖር፣ የመስኮቴን ውጭ ራሴ የምወለውል ሴት! ቅመሙን ጥዬለት ወጣሁ።

ልጄን ያዝኳት። «ልጅሽ ለምን እንዲህ አደረገች?»

«እማ፣ እሷ እኮ የዚህ አገር ልጅ ናት። እዚህ አይ ማለት አይ ነው። አልፈልግም ካልሽ አልፈለግሽም።»

«እሺ። ለዊልስደኗስ አይ ማለት ነዪ ጎትቺኝ መሆኑን ማን ነገራት?»

ልጄ ሻይ ልጣድ ብላ ተነሳች። ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ወሬ ይቀይራል። ልጅቷን ራሷን በስልክ ስጠይቃት «ሶሪ እማዬ፣ ሲሪየስሊ ሶሪ፣ በሚቀጥለው እኔና አንቺ ብቻ እንሄዳለን» አለችኝ። ሶሪ መልስ አይደለም። በሚቀጥለውም መልስ አይደለም። እኔ የጠየቅኩት ለምን ብዬ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁ። ልጄ ሰምታ «ለኬብል ካር ሽማግሌ!» ብላ እራሷን ያዘች። ሰው ለትዳር ይልካል፣ ለመሬት ይልካል፤ ለተራራ የማይላከው ለምንድን ነው? የእኛ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር አሉ፤ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ በዕድሜ ብበልጣቸውም እኔም እላቸዋለሁ። ከእኔም ከዊልስደኗም ጋር ይግባባሉ፣ ለማንም አያደሉም። ቅዳሜ ከሰዓት ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ካለው የእኛ ሰው ካፌ አራታችንንም ሰበሰቡን፤ እሳቸው፣ እኔ፣ የዊልስደኗ፣ ልጅቷ። ሻይና ሳምቡሳ መጣ።

«በሉ፣ ከሳሽ ይጀምሩ» አሉ ጋሼ ሻያቸውን እያማሰሉ።

ጀመርኩ። ከወርቅ ጣሪያው ጀምሬ እስከ ሶፍቱ አንድም ሳልተው ተናገርኩ። ጋሼ በትዕግሥት ሰሙኝና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ» አሉ «ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ፌርማታ ላይ ጥዬው የሄድኩት ሰው ቁጥር የለውም፤ እየሮጠ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ እየተሳደበ። አንድም ቀን ሽማግሌ የላከብኝ የለም።»

«አውቶቡሱን እነሱ አላሳደጉትማ!» አልኳቸው።

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት፣ አፏን በእጇ ያዘች። የዊልስደኗ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

«እኔን ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ?» አለች ቀስ ብላ። «ተለመንኩ፣ ወጣሁ። ተራራውን ልመልስልዎ?»

«በረዶውንማ መልሰዋል። በሶፍት።»

«እኔ እኮ ለፍቅር ነው ያመጣሁልዎ።»

«እኔስ ቦርሳዎን የጠበቅኩት ለምን መሰለዎት?»

«በቃ፣ በቃ» አሉ ጋሼ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ተሳፋሪ እንደሚያረጋጋ ሾፌር። «ነገሩ ገብቶኛል። ማንም ማንንም አልጠላም። ልጄ፣ ጥፋቱ የአንቺ ነው። እዚህ ተወልደሽ ወጉን ባታውቂውም አሁን እወቂው፤ ሽማግሌ ሰው አንድ ጊዜ እምቢ ሲል ገና ንግግር መጀመሩ ነው። ስለዚህ የእማዬን ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። በሚመጣው በጋ ደግሞ ብቻቸውን ይዘሻቸው ትወጫለሽ። እማማም ደስ ብሏቸው ይመርቃሉ። ተስማማን?»

የዊልስደኗ «አሜን» አለች። ልጅቷም ተነስታ መጣችና ጎንበስ አለች። ጸጉሯ ጉልበቴ ላይ ሲወድቅ ልቤ ሊቀልጥ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ጉልበቴን ሰበሰብኩ።

«ጉልበቴን ተዪው» አልኳት። «በጋውንም ተዪው። ተራራ አምጡልኝ አላልኩም፤ ከተራራው እኔ ምን አለኝ። እሷን ሞቼ እገኛለሁ ብለሽ ጎተትሽ፣ እኔን ኦኬ አልሽኝ። ለምን? ይህችን ብቻ ንገሪኝና ወደ ቤቴ ልሂድ።»

«ልጅቷ እኮ ወጉን...» ብለው ጋሼ ሊያግዟት ሞከሩ።

«አይ ጋሼ፣ አውቀዋለሁ» አለች ልጅቷ።

ጋሼ ሻያቸውን አስቀመጡ። የዊልስደኗ ወደ ልጅቷ ዞረች፤ ፊቷን ሳየው ይህ መልስ ለእሷም አዲስ እንደሆነ ገባኝ። ልጅቷ ወንበር ስባ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ሁለት እጆቼን ያዘች፣ እኔም አላስለቀቅኳትም።

«አንድ ጊዜ ብለምንሽ እንደምትመጪ አውቅ ነበር፣ እማዬ። ለዚያ ነው ያልለመንኩሽ። ከእሷ ጋር አንድ ቀን ብቻዬን መሆን ፈልጌ ነበር። እዚያ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን አባቴ ልጅ ሆኖ ምን ይመስል እንደነበር ነገረችኝ፣ እስክንወርድ አላቆመችም። ስታወራ ሰምቻት አላውቅም ነበር። አንቺ ብትኖሪ ሁለታችንም አንቺን ነበር የምንሰማው።»